በታላቁ መርከብ የክብር ምሽት አለባበስ

ከእንግሊዝ አገር ከሳውዝሐምፕተን ወደብ ተነሥቶ የአትላንቲክን ውቅያኖስ እያቋረጠ ወደ ኒውዮርክ የሚሻገረው «ኲን ሜሪ 2» የተባለው መርከብ በተለመደው ጉዞው ሰባት ሌሊት በባሕር ላይ ያድራል። ከነዚህም ሰባት ሌሊቶች ሁለቱ የክብር ምሽት ተብለው የተለዩ ናቸው። በዚያ ምሽት ከ12 ሰዓት በኋላ ወደ ታላቁ የእራት አዳራሽ የሚገባ ሰው ሁሉ ለግብር እንደ ተጠራ እንግዳ አጊጦ መገኘት ይገባዋል። ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ፥ በአውሮፕላን መንገድም የተሰለቹ አንዳንድ ወዳጆቻችን በዚህ መርከብ ለመሳፈር ባሰቡ ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁን ስለ ማዕበሉ ወይም ስለ ዋጋው አይደለም። «የፈረንጅ የእራት ልብስ ሳናሰፋ ብንሄድ እናፍር ይሆን?» ይሉናል። ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ ቀላል አይደለም፤ ሰው በማያውቀው አዳራሽ ደጅ ላይ ሲቆም ከስሙም ከገንዘቡም ልብሱ ቀድሞት ይገባልና። ስለዚህ በዚሁ መንገድ በተሻገርን ጊዜ ያየነውንና የመርከቡን ሥርዐት ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

አስቀድሞ ስለ ስፍራው ጥቂት እንናገር። መርከቡ በፈረንሳይ አገር በሴን ናዜር የመርከብ መሥሪያ ተሠርቶ በ1996 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004) በእንግሊዝ ንግሥት በዳግማዊት ኤልሳቤጥ እጅ ስሙን ተቀበለ። ርዝመቱ 345 ሜትር ነው፤ ከ2,600 የሚበልጡ መንገደኞችንም ያሳፍራል። ታላቁ የእራት አዳራሽ «ብሪታንያ» ይባላል፤ ይህም ስም ባለቤቱ የኩናርድ ማኅበር በ1840 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከሊቨርፑል ወደ አሜሪካ ከላከው ከመጀመሪያው የእንፋሎት መርከብ የተወረሰ ነው። አዳራሹ ባለ ሁለት ደርብ ሲሆን ሰፊ ደረጃ አለው፤ በዚያ ደረጃ የሚወርድ ሰው ወደደም ጠላም በብዙ ዐይን ይታያል። ከእራት በኋላ ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት የጭፈራ አዳራሽ «የንግሥቶች አዳራሽ» ይባላል፤ በዚያም ሙዚቀኞቹ እየተጫወቱ ጥንዶች ቫልስና ታንጎ ይጨፍራሉ። ብቻቸውን ለሚጓዙ ወይዛዝርት በጭፈራ የሚያጅቧቸው ሽማግሌ ሰዎች ማኅበሩ ራሱ መድቦላቸዋል። ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ሳቅ መጥቶብን ነበር፤ ኋላ ግን አንዲት በዕድሜ የገፉ እመቤት እንደ ልጃገረድ ቀልጠፍ ብለው ሲጨፍሩ ባየን ጊዜ ሥራው መልካም እንደ ሆነ አመንን።

ደግሞ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። በእንግሊዝና በኒውዮርክ መካከል አብዛኛውን ጊዜ የአምስት ሰዓት ልዩነት ስላለ፥ መርከቡ ከሰባቱ ሌሊቶች በአምስቱ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ እየመለሰ ይሄዳል። ስለዚህ የክብሩ ምሽት በዚያ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ሌሊቱ በአንድ ሰዓት ይረዝማል፤ ለመጨፈርም ለመተኛትም ይበቃል። ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ ግን ያው የተሰጠው ሰዓት ተመልሶ ይወሰዳል።

ይህ የማጌጥ ሥርዐት የመጣው ከቀድሞዎቹ የውቅያኖስ መርከቦች ነው። በዚያን ዘመን የአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች በየማታው ለእራት ልብስ ይለውጡ ነበር። ከዚህ ነጻ የነበሩት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ምሽት ብቻ ናቸው፤ በመጀመሪያው ሣጥኑ ገና አልተፈታም፥ በመጨረሻውም አስቀድሞ ታስሯል። ከበታች ባለው በሦስተኛው ማዕረግ የሚሄዱት ስደተኞች ግን ለብቻቸው በተለየ አዳራሽ በቀን ልብሳቸው ይበሉ ነበር። እንግዲህ የእራቱ ልብስ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ከመርከቡ ብረት የጠነከረ ግድግዳም ነበር። ፈረንሳዮች በ1935 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ወደ ባሕር ያወጡት «ኖርማንዲ» የተባለው መርከብ የእራት አዳራሹ ከቬርሳይ ቤተ መንግሥት የመስተዋት አዳራሽ ይረዝም ነበር፤ ከብርጭቆ የተሠሩ መብራቶች እንደ ዐምድ ቆመውበት፥ ወይዛዝርቱ በሰፊው ደረጃ ሲወርዱ ሁሉም እንዲያያቸው ተደርጎ የታነጸ ነበረ። ያ መርከብ በ1942 በኒውዮርክ ወደብ በእሳት ጠፋ። ከዚያ በፊት በ1912 ታይታኒክ በሰጠመችበት ሌሊት ቤንጃሚን ጉግንሃይም የተባለው ባለጸጋ የነፍስ ማዳኛውን አውልቆ፥ የእራት ልብሱን ለብሶ ሞቱን እንደ ጠበቀ ከሞት የተረፈ አንድ የመርከቡ አሽከር ተናግሯል። ይህን ከንቱ ኩራት የሚሉት አሉ፤ እኛ ግን እንዲህ ብለን ልንፈርድበት አንደፍርም።

ዛሬ ግድግዳው አብዛኛው ፈርሷል። የበለጠ የከፈሉ ሰዎች ለብቻቸው የሚበሉባቸው ትንንሽ አዳራሾች አሁንም አሉ፤ የአለባበሱ ደንብ ግን ለሁሉም አንድ ነው። በጡረታ የተሰናበተ የባቡር ሠራተኛና የባንክ ባለቤት በአንድ ዓይነት ጥቁር ልብስ በአንድ ደረጃ ሲወርዱ ማን ማን እንደ ሆነ ለመለየት አይቻልም።

ስለ ራሱ ስለ ልብሱ እንመለስ። እንግሊዞች የእራት ኮት፥ አሜሪካኖች ታክሲዶ፥ ፈረንሳዮችም ከነሱ ተቀብለን እኛም ስሞኪንግ የምንለው ጥቁር ልብስ ከለንደን የተገኘ ነው። የዚያች ከተማ ልብስ ሰፊ ሄንሪ ፑል በ1865 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ለአልጋ ወራሹ ለኤድዋርድ በገጠር ቤታቸው ለእራት የሚለብሱት አጭር ኮት ሰፋ፤ ይህም የዛሬው ልብስ መነሻ ነው ይባላል። የአሜሪካኖቹ ስም የመጣው ደግሞ በኒውዮርክ አጠገብ በ1886 ከተቋቋመው ከታክሲዶ ክበብ ነው። ልብ ማለት የሚገባው ይህ ነው፤ ዛሬ የክብር ጫፍ ሆኖ የሚታየው ልብስ በተወለደ ጊዜ የቤት ልብስ፥ ጭራ ካለው ከፍራክ ማረፊያ ነበረ። ጊዜ ሲለወጥ ትንሹ ትልቅ ሆነ።

ስሞኪንግ የሚለብስ ሰው እንዲህ ይለብሳል። ኮቱ ጥቁር ወይም በጣም የጠቆረ ሰማያዊ ሆኖ የደረቱ ቅልብስ በሐር ይሸፈናል። በሱሪው ጐን ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ የሐር ጥብጣብ ይወርዳል፤ ቀበቶ አይታጠቁበትም። ሸሚዙ ነጭ፥ የቢራቢሮ ከረባቱም ጥቁር ነው፤ ነጭ የቢራቢሮ ከረባት የፍራክ እንጂ የስሞኪንግ አይደለም። ከረባቱን በገዛ እጅ ማሰር ይበልጣል፤ ጥቂት ቢጣመም እንኳ በፋብሪካ ታስሮ ከመጣው ይሻላል። ጫማው ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ይሁን። ነጭ የእራት ኮት ለሞቃት አገር ባሕር የተፈቀደ ነው፤ በቀዝቃዛው በሰሜን አትላንቲክ ላይ ለብሶት የሚታይ ሰው ካርታ ያላየ ይመስላል።

በወገብ ላይ የሚጠመጠመው ሰፊ የሐር መታጠቂያ ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሆኖ ትርጓሜው የወገብ ማሰሪያ ማለት ነው፤ እንግሊዞች ከሕንድ ወሰዱት። እነሆ መቀነት ማለት ነው። ከዚህም የሚያስደንቀው፥ እንግሊዞች «የቀይ ባሕር ልብስ» የሚሉት አንድ የእራት አለባበስ አላቸው፤ ይኸውም ኮቱን ትቶ ነጭ ሸሚዝ፥ ጥቁር ሱሪና ይህንኑ መታጠቂያ ብቻ ማድረግ ነው። በቀይ ባሕር ሙቀት ኮት መልበስ ባቃታቸው ጊዜ ሥርዐቱን ሳያፈርሱ ሥርዐቱን አቀለሉት። የኛ ባሕር የእንግሊዝን ኮት አስወለቀ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ስሞኪንግ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? የመርከቡ ደንብ ጥቁር ወይም የጠቆረ ሙሉ ልብስ ከከረባት ጋር ይበቃል ይላል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ጉዞ ሲባል ውድ ልብስ ማሰፋት፥ ይልቁንም ለሌላ ሰው ትከሻ የተሰፋውን መከራየት አስፈላጊ አይደለም። ለወይዛዝርትም ረዥም የማታ ቀሚስ፥ አጠር ያለ የክብር ቀሚስ ወይም ያማረ ሱሪና ኮት ተፈቅዷል። ረዥም ቀሚስ ለምታደርግ እመቤት ግን አንድ ምክር አለን። ጫማዋ ተረከዘ ቀጭን አይሁን፤ መርከቡ ምንም ትልቅ ቢሆን በሰሜን አትላንቲክ ማዕበል መናወጡ አይቀርም፥ በዚያ ጊዜ ደረጃው እንደ ፈረስ ይገላበጣልና።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንባቢዎቻችን እንዲያውቁት የምንወደው፥ ይኸው ደንብ የየአገሩን የክብር ልብስ ከስሞኪንግ ጋር እኩል አድርጎ መቀበሉን ነው። ይህ የቸርነት ቃል አይደለም፤ በደንቡ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። በአዳራሹም አይተነዋል። ስኮትላንዳዊው በጕልበቱ ልክ የሚቀረውን ልብሱን ለብሶ፥ ሕንዳዊቱ በሳሪዋ፥ ናይጄሪያዊው በሰፊ አግባዳው ሲገቡ አስተናጋጆቹ ለሁሉም እኩል እጅ ነሥተው ወንበር ይስባሉ። የኛ አገር ሰው ብቻ የራሱን ልብስ በሣጥን ውስጥ አስቀምጦ በተከራየው ኮት ሲጨነቅ ማየት ያሳዝናል። በ1916 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1924) የያኔው አልጋ ወራሽ ልዑል ራስ ተፈሪ መኮንን ራስ ኃይሉን፥ ራስ ሥዩምንና ሌሎችንም መኳንንት አስከትለው ወደ ጅቡቲ ወርደው፥ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ ግብጽና ወደ አውሮፓ በተጓዙ ጊዜ በታላላቆቹ ከተሞች አደባባይ የታዩት በነጭ ልብሳቸው ላይ ካባቸውን ደርበው ነው። ፎቶግራፋቸውን ዛሬ የሚያይ ሰው ከአጠገባቸው ከቆሙት ጥቁር ለባሾች ይልቅ ዐይኑ በነሱ ላይ ያርፋል።

ነገር ግን ያገር ልብስ ሙሉ ሲሆን ነው የክብር ልብስ የሚሆነው። በጂንስ ሱሪ ላይ ነጠላ ጣል አድርጎ «ይህ ያገሬ ልብስ ነው» ማለት አስተናጋጁን ሊያታልል ይችል ይሆናል፤ ባገሩ ልጅ ፊት ግን አያስኬድም። ወንድ እጀ ጠባቡ ነጭና የተተኮሰ፥ ሱሪውም ከዚያው ሸማ የተሰፋ፥ ኩታው ጥለቱ ያማረ ይሁን፤ በእግሩም ንጹሕ ጥቁር ጫማ እንጂ የስፖርት ጫማ አያድርግ። ይህን ሁሉ በሽሮ ሜዳ ለማሠራት ያሰበ ሰው ለጉዞው ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ብዙ አስቀድሞ ሸማኔውን ማነጋገር አለበት። ጥሩ ጥበብ ቸኩሎ አይሠራም።

ስለ ካባ ግን አስተያየታችን ለየት ይላል። ጥቁር ሆኖ በወርቅ ክር የተጠለፈው ካባ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደሚያምር አይጠረጠርም። ዳሩ ግን አባቶቻችን ካባን የሚለብሱት ስለ ሥራቸው ተሸልመው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የሙሽራ ልብስ ሆኗል። መርከበኞቹ ይህን አያውቁም፥ በገበታው ማዶ ተቀምጦ የሚያየው ያገራችን ሰው ግን ያውቃል። በዕድሜና በማዕረግ የከበሩ ሰው ቢደርቡት ያምርባቸዋል። ጐልማሳው ለሠርጉ ቢያቆየው ይሻላል፤ ኩታው ብቻውን ይበቃዋል። ደግሞም አዳራሹ ሞቃት፥ ወንበሩም ጠባብ ነው፤ ካባ ለብሶ ሥጋ መቍረጥ ቀላል አይደለም።

ለወይዛዝርት ነገሩ ቀላል ነው፤ በእጅ ተፈትሎ የተሸመነ ነጭ ቀሚስ ከነመቀነቱና ከነነጠላው ከየትኛውም የማታ ቀሚስ አያንስም። መርከቡ የክብር ምሽቶቹን አንዳንድ ጊዜ በቀለም ይሰይማቸዋል። «ጥቁርና ነጭ» በተባለው ምሽት ጥበቡ ጥቁር የሆነ ነጭ ቀሚስ ለዚያች ሌሊት ተብሎ የተሸመነ ይመስላል። «ቀይና ወርቃማ» በተባለውም ቀይና ወርቃማ ጥበብ ያለው ቀሚስ እንዲሁ ነው። ጭምብል የሚደረግበት ምሽትም አለ፤ ያገር ልብስ በጭምብል ሲደረግ ጨዋታ ይመስላልና በዚያ ምሽት የፈረንጁን ልብስ መልበስ ሳይሻል አይቀርም።

ነጠላን በሚመለከት ወጣቶች ልጆቻችን በባዕድ አገር ስለ ተወለዱ የማያውቁት ነገር አለ። ነጠላ አዘቅዝቆ መልበስ የኀዘን ምልክት ነው፤ በመርከቡ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ባይኖርም ለደስታ ምሽት እንደ ደስታ ማጣፋት ይገባል። እናት ልጇን ከክፍላቸው ሳይወጡ በመስተዋት ፊት አቁማ ብታስተካክልላት መልካም ነው። በገበታም ጊዜ ዘርፉ ከሾርባው ውስጥ እንዳይነከር ጫፉን ወደ ኋላ መመለስ፥ ቀይ ወይን የያዘ ጐረቤት ካለም ጥቂት ራቅ ማለት ነው። ከአዳራሹ ወጥቶ በመርከቡ ወለል ላይ ለመናፈስ የፈለገች ደግሞ ነጠላዋን በመርፌ ታያይዘው፤ የአትላንቲክ ነፋስ አንድ ጊዜ ከትከሻ ካነሣው አይመልሰውም።

ሣጥን ሲታሰር ቀሚሱን ጥበቡ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጎ መጠቅለልና በተለየ የጥጥ ከረጢት መክተት ይሻላል፤ እንዲህ ሲሆን ክሩ ከሌላ ነገር ጋር አይፋተግም። ካውያ ይዞ ወደ ክፍል መግባት ግን ክልክል ነው፤ በባሕር ላይ እሳት ከማዕበል ይልቅ ይፈራል። በዚህ ፈንታ መንገደኞች ልብሳቸውን የሚያጥቡበትና የሚተኵሱበት ክፍል በመርከቡ ላይ ያለ ክፍያ ተዘጋጅቷል። በክብሩ ምሽት ከሰዓት በኋላ ወረፋው ይበዛልና በማለዳ መሄድ ያዋጣል፤ ባለጸጎች የሚመስሉ ሰዎች በዚያ ክፍል ስለ ካውያ ሲጨቃጨቁ ሰምተናል።

ሹመት ያላቸው አንባቢዎቻችን ስለ ኒሻን ይጠይቁ ይሆናል። በእንግሊዞች ልማድ በስሞኪንግ ላይ ኒሻን የሚደረገው የጥሪው ወረቀት ይህን በግልጽ ሲያዝ ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜም ትንንሹ ኒሻን እንጂ ትልቁ አይደለም። የመርከብ እራት እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለውምና ኒሻኑ በቤት ቢቀር ይመረጣል። የጦር ሹማምንት የክብር ልብስ ግን በደንቡ ተፈቅዷል።

መልበስ የማይወድ ሰውም አልተረሳም። በቀላል ልብሱ ሆኖ እየተነሣ የሚበላበት «ኪንግስ ኮርት» የተባለ ስፍራ አለ፤ በክፍሉም እራቱን ማስመጣት ይችላል፥ ማንም አይወቅሰውም። የማይወደደው፥ በታላቁ አዳራሽ በክብር ልብስ ከበሉ በኋላ ወደ ክፍል ገብቶ ለውጦ በቀን ልብስ ወደ ጭፈራው መመለስ ነው። ይህ ሌላው እንግዳ እስከ እኩለ ሌሊት አጊጦ ሲቆይ እኔ ብቻዬን ልረፍ ማለት ይሆናል።

በመጨረሻው ምሽት ማጌጥ የለም። መንገደኛው ሣጥኑን አስሮ ከመተኛቱ በፊት ከክፍሉ በር ውጭ ያስቀምጣል፥ አገልጋዮቹም በሌሊት ይሰበስቡታል። በነጋታው መርከቡ ገና ጎሕ ሳይቀድ በ1964 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በተከፈተው በቬራዛኖ ድልድይ ሥር ያልፋል፤ የጭስ ማውጫው ራስ ከድልድዩ ሥር ጥቂት ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ለማየት ሰው ሁሉ ከመኝታው ተነሥቶ ወደ ላይኛው ወለል ይወጣል። ከዚያ በኋላ የኒውዮርክ መብራቶች በግራም በቀኝም ይታያሉ፥ መርከቡም በብሩክሊን ወደብ ይቆማል። በዚያ ሰዓት ያለው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ባለ ስሞኪንጎቹ ኮታቸው ሁሉ ከሣጥኑ ጋር ሄዶባቸው ሲንቀጠቀጡ ይታያሉ። እንግዲህ ሣጥኑ ከመታሰሩ በፊት ጋቢውን ለይቶ ማስቀረት ነው።